ዘቢቡ ከባሕር ማዶ፣ ወይን ጠጁ ከዝዋይ፦ ሞጣና ቢቸና ምን ይትከሉ?

በሞጣ ጊዮርጊስ፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ዘቢብ ይፈለጋል። ዘቢቡ ታጥቦ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሲርስ ተጨምቆ ለጽዋው ይዘጋጃል። ምእመኑም ለደብሩ ሲሳል «ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ» ብሎ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። የጧፉን ሰም የጎጃም ንብ ይሠራዋል። ዕጣኑም ከዓባይ በረሃና ከመተማ ዛፎች ይለቀማል። ዘቢቡ ግን ባብዛኛው ባሕር ተሻግሮ፣ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው።

በዚሁ አገር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ከፈረንሳይ በመጣ ቁራጭ የተተከለ ሰፊ የወይን እርሻ አለ። ፍሬው ተጨምቆና ተጠንስሶ በጠርሙስ ይታሸጋል፤ ከፊሉ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ይጠጣል፣ ከፊሉም ወደ ውጭ ይላካል። እንግዲህ ወይን ጠጅ ለባዕድ የምትሸጥ፣ የቁርባኗን ዘቢብ ደግሞ ከባዕድ የምትገዛ አገር ሆነናል። ላለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ስለ ወይናችን የተጻፈውና የተነገረው ከሞላ ጎደል ሁሉ የጠርሙሱ ጉዳይ ነበር። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ከጠርሙሱ በፊት የሚመጣውን ጥያቄ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ የትኛው የወይን ዝርያ፣ በየትኛው ከፍታ፣ ለየትኛው ገበያ? ለምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም ለሞጣና ለቢቸና፣ መልሱ ከዘቢብ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ዝዋይን እንመልከት፤ ከዚያ የሚቀሰም ብዙ ነገር አለና። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እርሻው የተወጠነው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የፈረንሳዩን የመጠጥ ባለሀብት ፒየር ካስቴልን በኢትዮጵያ ወይን እንዲያለሙ ከጋበዟቸው በኋላ ነው። የካስቴል ቡድን ለአገሩ እንግዳ አልነበረም፤ በቢጂአይ በኩል የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ፋብሪካ የያዘው በ1998 ነው። በ2007 አካባቢ በጀመረው ተከላ 120 ሄክታር ያህል መሬት በወይን ተሸፈነ። የተመረጡት ዝርያዎች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ናቸው። በ2014 ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ የሚሉት መለያዎች ገበያ ላይ ሲውሉ የመጀመሪያው ምርት 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ገደማ እንደነበር ተነግሯል። በእርሻው ዙሪያ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮለታል። በፈረንሳይ ቦርዶ ላለ የወይን ገበሬ ይህ ተረት ሊመስለው ይችላል፤ ለስምጥ ሸለቆ ገበሬ ግን የዕለት ተዕለት ኑሮው ነው።

ዝዋይ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ውሃ አይቋጥርም። ዝናቡም እንደ ደጋው አይበረታም። በዝናብ የሚጎድለውን ደግሞ ሐይቁ ይሞላል። ወይን ከሚሻው ውስጥ አብዛኛው እዚያ ተሟልቷል ማለት ነው። ነገር ግን ያው ሐይቅ ለአበባ እርሻዎች፣ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ገበሬዎች፣ ለከተማው የመጠጥ ውሃና ለዓሣ አስጋሪው ሁሉ የጋራ ነው። አንድ ትልቅ እርሻ በሐይቅ ውሃ ማልማቱን ሠላሳና አርባ ቦታ ልንደግመው አንችልም። ዝዋይ ወይን በኢትዮጵያ እንደሚሆን አሳይቷል፤ ለገበሬው ግን መንገድ አልከፈተም። ዋናው እጥረቱ እዚህ ላይ ነው፤ የአንድ ኩባንያ ተክል፣ የአንድ ኩባንያ ጓዳ፣ የአንድ ኩባንያ ገበያ ሆኖ ቀርቷል።

ከዝዋይ በፊት አዋሽ ወይን ጠጅ ነበረ። ጉደር የተባለውን ወይን ጠጁን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰርግ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አክሱማይትም እንዲሁ በየቤቱ የሚታወቅ ስም ነው። ድርጅቱ በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ በ2013 ኤይት ማይልስ የተባለው የኢንቨስትመንት ተቋም ሲገባበት ወደ ግል ዞረ። የራሱ የወይን መሬትም በአርሲ መርቲ አለው። የአዋሽ ጉዞ አገሬው የለመደውን ጣፋጭ ጣዕም ይዞ መኖር እንደሚቻል ያሳያል። ወደ ጎጃም የሚወስደን መንገድ ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዝርያው ጉዳይ ልግባ። ስለ ሞቃት አገር ወይን የሚነገረው አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነውና።

ወይን ሙቀት ይወዳል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ፀሐይ በፍሬው ውስጥ ስኳር ታከማቻለች፤ ስኳሩ ሲጠነሰስ አልኮል ይሆናል። ሙቀቱ ሲበዛ ግን የፍሬውን ኮምጣጣነት የሚሰጡት አሲዶች፣ በተለይም ማሊክ አሲድ የሚባለው፣ በፍጥነት ይቃጠላሉ። ሌሊቱም ሞቃት ከሆነ ተክሉ ሳያርፍ ያድርና አሲዱን ይጨርሰዋል። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የጥቁር ወይን ቆዳ ቀለም መሥራት ያቅተዋል። በመጨረሻ የሚገኘው ስኳሩ ሞልቶ አሲዱ ያለቀ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ፍሬ ነው፤ ከእሱ የሚጠመቀው ጠጅ ጠንካራ ሆኖ ሕይወት የለውም፣ በቀላሉም ይበላሻል። በሞቃት የባሕር ዳርቻ ወይን የሚያለሙ ሰዎች ዋና ትግል ፍሬውን ማብሰሉ አይደለም፤ ቶሎ እንዳይበስል ማዘግየቱ ነው።

በሜዲትራንያን ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች ይህን ትግል በዝርያ አሸንፈውታል። በግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት አሲርቲኮ የሚባለው ነጭ ወይን በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ፣ በነፋስና በፀሐይ መካከል በቅሎ አሲዱን አይጥልም። በሲሲሊ ኔሮ ዳቮላ፣ በደቡብ ፈረንሳይና በስፔን ግሬናሽና ካሪኛን ድርቁንም ሙቀቱንም ችለው ያፈራሉ። ሸነን ብላን የተባለው ነጭ ዝርያ ከፈረንሳይ ሎዋር ሸለቆ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካን፣ ሕንድንና ታንዛኒያን የተላመደው ሙቀት ውስጥም ኮምጣጣነቱን ስለሚይዝ ነው። ሲራም ሙቀትን ከሚችሉት ወገን ነው፤ ዝዋይ ላይ ከተተከሉት አራቱ ውስጥ ለእኛ አገር የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ሜርሎ ግን ቶሎ የሚበስልና ሙቀት ሲበዛበት ቅርጹን የሚያጣ ዝርያ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ የቦርዶ የራሷ ውሳኔ ነው። ዝዋይ ከቦርዶ በመጣ ቁራጭ ከተተከለ ከአሥራ አራት ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ2021፣ ቦርዶ ሙቀቱ እየበረታባት ስለመጣ ስድስት አዳዲስ ዝርያዎችን በሕጓ ፈቀደች። አራቱ ቀይ ናቸው፤ ማርሰላን፣ ቱሪጋ ናሲዮናል፣ ካስቴትስና አሪናርኖዋ። ሁለቱ ነጭ ናቸው፤ አልቫሪንዮና ሊሊዮሪላ። ቱሪጋ ናሲዮናል የፖርቱጋል ሞቃት ሸለቆዎች ልጅ ነው። ለጊዜው ገበሬው እነዚህን መትከል የሚችለው ከመሬቱ እስከ 5 በመቶ፣ በቅልቅሉም ውስጥ እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው። እኛ የቦርዶን ስም ለመለያው ስንል ስናመጣ፣ ቦርዶ ራሷ ሙቀት የሚችል ዘር ፍለጋ ወጥታለች። ይህ ለግብርና ምርምራችን ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሚተከለው ዝርያ በስሙ ሳይሆን በሙከራ መመረጥ አለበት።

ወደ ራሳችን ታሪክ ብንመለስ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ወይን ጠጅን ከሞቃቱ ቀይ ባሕር ዳርቻ ያውቁት ነበር፤ የኤርትራ ባሕር ጉዞ የሚባለው የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የግሪክ የንግድ መመሪያ ዛሬ በኤርትራ ወዳለው ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሎዲቅያንና የኢጣሊያን ወይን ጠጅ ይጠቅሳል፤ መጠኑ ብዙ እንዳልነበረም ይናገራል። ጠጁ የሚገባው በባሕር ዳርቻው ሲሆን ወይኑ ሊበቅል የሚችለው ግን ከደጋው ነበረ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የወይን ጠጅ በይፋ የሚጠመቀው በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት መሆኑን፣ አብያተ ክርስቲያናት ግን ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፈው እየጨመቁ እንደሚቀድሱ ጽፏል። የአምስት መቶ ዓመት ሥርዓት ዛሬም ሳይለወጥ በሞጣ ይፈጸማል ማለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጣና በስተ ምሥራቅ በእንፍራዝ አካባቢ ከወይን ፍሬ የተጠመቀ ጠጅ አግኝቷል። እንፍራዝ ከሞጣ ቢርቅም ከዓባይ ማዶ ያለ ጎረቤት ነው፤ ዝናቡ በክረምት ይመጣል፣ በጋው ይደርቃል፣ ከሞጣ አቆጣጠር ብዙም አይለይም። ወይን ለዚህ አገር እንግዳ ተክል ነው የሚል ካለ መልሱ ከታሪኩ ይገኛል።

ሞጣና ቢቸና 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከዝዋይ ቀዝቀዝ ይላል። በተለመደው ስሌት አየሩ በየሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በዝዋይና በሞጣ መካከል ያለው ልዩነት 5 ዲግሪ ከዚያም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከተማው ዙሪያ ያለው ሜዳ የሞቃት አገር ወይን ቦታ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ዝቅተኛ ሜዳ ደግሞ ለአዲስ ቡቃያ ሞት ነው። ቢቸናን የከበበው ጥቁር ዋልካ አፈርም ለጤፍ የተባረከ ቢሆንም በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ወይን እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። እነዚህን ሜዳዎች ለጤፍና ለስንዴ እንተዋቸው።

ምሥራቅ ጎጃም ግን ሜዳ ብቻ አይደለም። መሬቱ ከሞጣና ከቢቸና ጫፍ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋ ወደ ቆላ ይለወጣል። ዐፄ ፋሲል እንዳሠሩት የሚነገርለት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመንም አርበኞች መሐሉን የቆረጡት ሰባራ ድልድይ ካለበት አቅጣጫ ቁልቁል የወረደ ሰው ይህን በቆዳው ያውቀዋል። ከደጀን በታች የዓባይ ድልድይ ያለበት ወለል ከ1,000 ሜትር እምብዛም ከፍ አይልም። በመካከሉ ያለው፣ ከ1,400 እስከ 2,000 ሜትር የሚሆነው ቀበቶ፣ ተዳፋትና ድንጋያማ፣ ለእህል እምብዛም የማይመች፣ ውሃ የማይቋጥር መሬት ነው። ወይን በዓለም ሁሉ የሚወደው እንዲህ ያለውን መሬት ነው። ተዳፋቱ ቀዝቃዛውን የሌሊት አየር ቁልቁል ስለሚሸኘው የውርጭ ስጋትም ይቀንሳል። ከላይ ያለው ጠርዝ እንደ ሻርዶኔ ላሉ ቀዝቃዛ ለሚወዱ ዝርያዎች ይሆን እንደሆነ መሞከር ይቻላል፤ ከታች ደግሞ ሸነን ብላን፣ ሲራና ግሬናሽ ሊፈተኑ ይገባል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ዘር አልባው የዘቢብ ወይን መሞከር አለበት፤ ዓለም ሱልጣና ወይም ቶምሰን ሲድለስ የሚለው ነጭ ዝርያ።

ይህን ስል ሕልም እያለምኩ እንዳልሆነ የሚያሳየኝ የሕንድ ማሃራሽትራ ነው። ስለ ጎጃም ወይን የሚያስብ ሰው ዓይኑን ወደ ፈረንሳይ ከመላኩ በፊት ወደ ናሺክና ወደ ሳንግሊ ይላከው እላለሁ። የማሃራሽትራ ዝናብ እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወር ሁሉ ደረቅ ነው። በሞቃት አገር ወይን ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት ብርዳማ ወቅት የለውም፤ ካልገረዙት ዓመቱን ሙሉ ያለ ሥርዓት ያቆጠቁጣል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ያድጋል፣ ፍሬውም ይቀንሳል። የሕንድ ገበሬዎች ይህን በመቀስ ፈቱት። በዓመት ሁለት ጊዜ ይገርዛሉ። አንዱ በሚያዝያ አካባቢ ነው፤ ያኔ የሚወጣው ቅርንጫፍ ፍሬ ሳይይዝ ዝናቡን አሳልፎ ይጠነክራል። ሁለተኛው ዝናቡ ሲያበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ የሚያብበውና የሚያፈራው የዚህኛው ግርዘት ቡቃያ ነው። ፍሬው ደረቁን በጋ በሙሉ ያድግና ከጥር እስከ መጋቢት ይለቀማል። በዚህ ዘዴ ዝናብና ፍሬ አይገናኙም።

ይህን አቆጣጠር በሞጣ ላይ አስቀምጡት። ከመስቀል በኋላ መግረዝ፣ በኅዳር ማበብ፣ በየካቲትና በመጋቢት መልቀም። በዓቢይ ጾም ወራት ገበሬው እርሻው ቀዝቅዞለት እጁ ነፃ ነው፤ ሰማዩ ንጹሕ ነው፤ ፀሐዩ ጠንካራ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ዘቢብ ከዚህ የበለጠ የማድረቂያ ወቅት አይሻም። ማድረቁም ውስብስብ ፋብሪካ አይጠይቅም። በሳንግሊ አካባቢ ያሉ አነስተኛ ገበሬዎች እሸቱን ቆዳውን በሚያሳሳ የፖታሲየም ካርቦኔትና የዘይት ውህድ ነክረው፣ ጥላ ባለው ዳስ ሥር በመረብ አልጋ ላይ ዘርግተው፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ዘቢብ ያደርጉታል። ፍሬው አራት ኪሎ እሸት ሲሆን አንድ ኪሎ ገደማ ዘቢብ ይወጣዋል። መቶ ተክል የተከለ ገበሬ፣ እያንዳንዱ አራት ኪሎ ቢሰጠው፣ መቶ ኪሎ ዘቢብ ያገኛል ማለት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ተዳፋት ከ600 እስከ 700 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ጠጅ ለመጥመቅ ግን መጭመቂያ፣ የብረት ታንክ፣ ማቀዝቀዣ፣ ጠርሙስ፣ ቡሽና ሠልጣኝ ጠማቂ ሁሉ ያስፈልጋል። ጎጃም ጠጅ ጠማቂ ስለሌላት አይደለም፤ ማሩም ጌሾውም ባለሙያውም አላት። የወይን ጠጅ ግን ሌላ ጥበብና ሌላ ካፒታል ነው፤ በ2019 የወጣው ሕግ የአልኮል ማስታወቂያን በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በመንገድ ሰሌዳ ስለከለከለም አዲስ መለያ ለማስተዋወቅ ዛሬ ከድሮው ይከብዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ደግሞ ገበያው ነው። የቤተ ክርስቲያን ፍላጎት በየደብሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ደብሩ ግን ብዙ ነው፤ ዓመቱን ሙሉም አይቋረጥም። ማስታወቂያ አይፈልግም፣ በፋሽን አይለወጥም፣ በኑሮ ውድነት አይቀርም። የሞጣ ሙስሊም ነጋዴና ገበሬም ከዘቢቡ ድርሻ አለው። ወይን ጠጅ ለእርሱ የማይነካው ነገር ነው፤ ዘቢብ ግን በረመዳን ማዕዱ ላይ ከተምር ጋር የሚቀመጥ፣ ተክሎ፣ አድርቆ፣ ሸጦ የሚያተርፍበት ሰብል ነው። ከተማው ሁሉ አብሮ ሊጠቀምበት የሚችለውን ተክል ከፊሉ ብቻ ከሚጠቀምበት ማስቀደም ለእኔ ግልጽ ምርጫ ነው።

ችግሮቹን ደግሞ ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም፤ የፍራፍሬ ፕሮጀክቶች ብዙ ጊዜ የወደቁት ጥቅሙ ብቻ ስለተነገረ ነው። የመጀመሪያው ሻጋታ ነው። በክረምት ጭጋግ የወይን ቅጠል ጀርባ ሻጋታ ይለብሳል፤ በደረቁ ወቅት ደግሞ ነጭ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ሌላ ሻጋታ ቅጠሉንና ፍሬውን ይይዛል። ለፊተኛው የቦርዶ ድብልቅ የሚባለው የኖራና የመዳብ ሰልፌት ውህድ፣ ለኋለኛው ድኝ ይረጫል። ሁለቱም ጥንታዊና ርካሽ ናቸው፤ በትክክለኛው ቀን ካልተረጩ ግን ጥቅም የላቸውም። ሁለተኛው ውሃ ነው። ፍሬው የሚያድገው በደረቁ ወራት ስለሆነ መስኖ ግድ ነው። በሸለቆው ጠርዝ ምንጮች አሉ፤ በጠብታ መስኖ ከተጠቀምን ወይን ከሽንኩርት ያነሰ ውሃ ይበቃዋል፤ ጠብታ መስኖው ራሱ ግን ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ወፍ ነው። በበጋ ሌላ እሸት በሌለበት ተራራ ላይ የበሰለ ወይን ያየ ወፍ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ይናገራል፤ ያለ መረብ ወይም ያለ ጠባቂ ልጅ ፍሬው አይተርፍም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጊዜ ነው። ወይን ከተተከለ በኋላ የሚበላ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ከዚያ ግን በአግባቡ ከተያዘ አንድ ትውልድ ሙሉ ያፈራል። ገበሬ ሦስት ዓመት የሚጠብቀው ሰላም ካለና ገበያውን ካየ ብቻ ነው። ከነሐሴ 2023 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ የግብርና ባለሙያውን ከገበሬው አራርቋል፣ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል። በዚህ ውስጥ ሆኖ ስለ ወይን ማውራት ያለ ቦታው ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ፤ ሰላም ሲመጣ የሚተከለው ዘር ዛሬ ካልተጠና ያኔም የለም። ደግሞም የክልላችን ገበሬ ለዓመታት የሚቆይ ተክል አይተክልም የሚለው ሐሜት ሐሰት መሆኑን የአዊ ዞን አረጋግጦልናል። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ደከረንስ የሚባለውን ግራር በራሳቸው ፍላጎት በሰፊው ተክለው ከሰል እያከሰሉ ኑሯቸውን ለውጠዋል። ቅርብ ገበያ ካየ ገበሬው ይጠብቃል። ለወይንም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ስለዚህ ማን ምን ያድርግ? የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ለረጅም ጊዜ የወይን ዝርያዎችን ሰብስቦ ሲሞክር ኖሯል። ከዚያ የሚወጣው ቁራጭ በአዴት ማዕከልና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እጅ ሆኖ በዓባይ ሸለቆ በሦስት ከፍታዎች፣ በ1,500፣ በ1,800ና በ2,100 ሜትር ገደማ፣ ጎን ለጎን ቢተከል ምን ይጎዳል? ሱልጣና ከነቀይ የዘቢብ ዝርያዎች፣ ሸነን ብላንና ሲራ ተሰልፈው፣ የናሺክን ሁለት ግርዘት ተከትለው፣ አምስት ዓመት ይመዘኑ። ቁራጮቹ ከመሰራጨታቸው በፊት ከሥር ተባይ የጸዱ መሆናቸው ይረጋገጥ፤ ፊሎክሴራ የሚባለው የሥር ቅማል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓን ወይን አልባ ሊያደርጋት ጥቂት ነበር የቀረው፤ በአሸዋ ላይ ያለው ዝዋይ ቢተርፍ እንኳ የጎጃም ተዳፋት ላይተርፍ ይችላል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ችግኝ በነፃ በትነው ከመሄድ ይልቅ ጥቂት ፈቃደኛ ገበሬዎችን ሦስት ዓመት ሙሉ ይከተሉ።

ለገዳማቱና ለአድባራቱ ያለኝ ልመና ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ዲማም መርጡለ ማርያምም ደብረ ወርቅም ሞጣ ጊዮርጊስም ግቢና አጸድ፣ ትምህርትና ትዕግሥት አላቸው። የየትኛው ወይን ዘቢብ ለመሥዋዕት እንደሚስማማ ከሊቃውንቱ የተሻለ የሚመዝን የለም፤ ዝርያው ሲመረጥ ከምርምር ባለሙያው ጎን ይቀመጡ። ሀገረ ስብከቱ ለአንድ የገበሬ ማኅበር «የምታደርቁትን ዘቢብ በዚህ ዋጋ እንገዛችኋለን» ብሎ አስቀድሞ ቃል ቢገባ፣ ገበሬው ሦስቱን ዓመት የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል። ስለቱን በዘቢብ የሚከፍለው ምእመንም የሚገዛው ዘቢብ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ።